ሳልጠየቅ ያልኩት እሺ

አባቴ መኪናዋን ይዞ የመጣ ዕለት እናቴ ሸዋረጋ በረንዳው ላይ ቆማ ከፊት እስከ ኋላ ቃኘቻትና «ጌታሁን፣ እኛ ሦስት ነን፣ በሯ ሁለት ነው። ማንን ጥለህ ልትሄድ ነው?» አለችው። አባቴ ሳቅ ብሎ ቁልፉን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ። ለምን እንደገዛት ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ በአስኮ መስመር የታክሲ ረዳት ነበር፤ ዛሬ ዓለም ባንክ ላይ የግንባታ ዕቃ ያከፋፍላል፤ በቸርቻችንም የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከምድር የተጣበቀች የጎረምሳ መኪና ሲገዛ ጎረቤት ምን ይበል? የሸጠለት ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ ዜጋ ነው። ቤንዚንም ባትሪም አላት፤ ሃይብሪድ የሚሏት ዓይነት ናት። መቼ በየትኛው እንደምትሄድ ግን እሷ ነች የምታውቀው።

እኔ ራዕይ እባላለሁ፤ አንድ ልጁ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። በዚያ ሰሞን ስለ መኪና የሚያስብ ልብ አልነበረኝም። ከአምሐ ጋር ከተኳረፍን አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነበር።

አምሐ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ በሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ከእናቱ ከእማማ ወለተጻድቅ ጋር እዚያው ሰፈር አሮጌ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ከጎጃም የመጡ፣ ጾም የማይስቱ ሰዎች ናቸው። እኛ ደግሞ ጴንጤ ነን። የተዋወቅነው የድሮዋ መኪናዬ መንገድ ላይ ቆማብኝ ሳለቅስ ደርሶ አስነስቶልኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ማንም ሳያውቅብን ተዋደድን። እኔ ግን መደበቁ ሰለቸኝና ሽማግሌ ላክ አልኩት።

«ሦስት ትልልቅ ሰዎች አባትሽ ሳሎን ቆመው፣ እምቢ ተብለው ሲወጡ ማየት አልችልም» አለኝ።

«ፈሪ ነህ።»

አንገቱን ደፍቶ «ምናልባት» አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ያችን «ምናልባት» ስፈጫት ከረምኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ «መኪናዋን አሳጥበሽ ነይ፤ ግን ከዓይንሽ እንዳትርቅ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ከቤታችን ሁለት ደቂቃ የማይርቅ ላቫጆ አለ። አልፌው ሄድኩ። ሰበብ አልደረድርም፣ ልናገረው፤ ራቅ ያለው ላቫጆ ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ «ማርሽ አምስት» የሚባሉት የሰፈራችን የመኪና ወዳጆች ይሰበሰባሉ፣ አምሐም አይቀርም። ፀጉሬንም የተሠራሁት ለመኪናዋ ብዬ አልነበረም።

«ማርሽ አምስት» በቴሌግራም አራት መቶ ሰው አለው፤ በአካል የሚመጣው ግን ሃያ አይሞላም። አለቃቸው ጋሽ ደግፌ ናቸው፤ ሰላሳ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማሩ ጡረተኛ። ከጎናቸው የማይጠፉት አቶ ነገሬ መለዋወጫ ሻጭ፣ አቶ ጉዲሳ ደግሞ የጭነት መኪና ባለቤት ናቸው። ሦስቱም ስልሳን ዘለው፣ ስለ መኪና ሲነሳ ግን እንደ ተማሪ የሚጨቃጨቁ ሰዎች ናቸው።

ገብቼ ቆምኩ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ከበበኝ፤ ማለቴ መኪናዋን ከበቧት።

«ሞተር አላት ይቺ? ስትገባ ድምፅ የሰማ አለ?»

«ሃይብሪድ ናት፣ ሃይብሪድ!»

«ግማሽ ቤንዚን ግማሽ ባትሪ» አሉ ጋሽ ደግፌ እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው እየዞሯት። «ረቡዕን ጾሞ ዓርብን እንደሚበላ ሰው ማለት ነው። ወይ ጹም፣ ወይ ብላ!»

«እርስዎ እንደሱ ይበሉ፤ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው ግን ይስማታል» አሉ አቶ ጉዲሳ።

አቶ ነገሬ በመስኮቱ አጮልቀው «የኋላ ወንበሩ ለማን ነው? ለዶሮ?» አሉ። ግቢው በሳቅ ሞላ።

አንዱ ወጣት ስልኩ ላይ ያነበበውን ሊያስረዳ ሞከረ። ማርሽ የላትም፤ ግን መሪዋ አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ማርሽ የቀየረች ትመስላለች፣ ወደፊት ሸርተት ትላለች፣ ድምፁንም ታሰማለች። ጋሽ ደግፌ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«የሌላትን ማርሽ ትቀይራለች? ለማን ብላ?»

«ለነጂው ደስታ ነው፣ ጋሼ።»

«ታስመስላለች በለኛ!»

ግማሹ ጋሽ ደግፌን ደገፈ፣ ግማሹ ተቃወመ። እኔ አልሰማኋቸውም። አምሐ ከኋላ ቆሞ አየሁት። ሰማያዊ ቱታውን ለብሷል፣ ከስቷል። መጀመሪያ ያየው ግን መኪናዋን ነው። ጎማዋን፣ መብራቷን፣ ጣሪያዋን አየ፤ ከዚያ እኔን። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ዓይን መጥቶ መኪና ላይ ሲያርፍ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ቀናሁ። በቆርቆሮ ቀናሁ።

ጠጋ ብሎ «አልጠፋችም» አለኝ።

«ምን?»

«መኪናዋ። ድምፅ ስለሌላት ያጠፋሻት መስሎሻል። በርታለች።»

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ሞተሩ፣ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ቡልል ብሎ ተነሳ። ባትሪዋ ሲጎድል ራሷ እንደምትነሳ ማን አውቆ? ኮፈኗን የሚያጥበው ሰው ስፖንጁን ጥሎ ሸሸ። ጋሽ ደግፌ «በስመ አብ!» አቶ ነገሬ «በኢየሱስ ስም!» እኩል ጮኹ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አምሐም ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ስል ዓይኖቻችን ተገናኙና ሁለታችንም አቆምን።

«ሰላም ነሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሰላም ነኝ።»

«መኪናዋ ታምራለች።»

ሌላ ነገር ሊል እንደፈለገ ከናፍሩ ይናገራል። አላለም። እኔም አረፋው ታጥቦ አለማለቁን ሳላይ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሰው እየዞረ ሲያየኝ የአባቴን መኪና ያዩ መስሎኝ ነበር፤ ቤት ስደርስ ግን ኮፈኗ በሳሙና ነጭ ነበር። እኔም እንደ እሷው ጀምሬ ሳልጨርስ የወጣሁ ነበርኩ።

እኔ ስልኬን ዘግቼ ስለተኛሁ በዚያ አመሻሽ «ማርሽ አምስት» ውስጥ የሆነውን አላየሁም፤ እናንተ ግን ከእኔ ቀድማችሁ እወቁት። ግሩፑ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን እውነተኛ መኪና ናት ይላል፣ ሌላው መጫወቻ ናት ይላል። ስድብ ቀረሽ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ጋሽ ደግፌ በድምፅ መልእክት ፈረዱ፦ እሳቸው፣ አቶ ነገሬና አቶ ጉዲሳ ጠዋት ባለቤቱ ቤት ሄደው፣ በክብር አስፈቅደው፣ ኮፈኗን አስከፍተው ያያሉ፤ የሚሉትም የመጨረሻ ቃል ይሆናል። ቤቱን ማን ያውቃል ተባለ። አምሐ ጻፈ፦ «አቶ ጌታሁንን አውቃቸዋለሁ፣ የሱቃቸውን መኪና ሠርቼላቸዋለሁ። ከሦስት ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ከዚያ ወደ ቸርች ይወጣሉ። እኔ እንደላክኋችሁ ንገሯቸው።»

ይህን ሲጽፍ ምን ያስብ ነበር? ስለ መኪናዋ፤ ምናልባትም ስለ እኔ። ስለ ቀኑና ስለ ሰዎቹ ብዛት ግን አላሰበም።

እሁድ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢው ደወል ተደወለ። ፀጉሬን ታጥቤ ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ይዤ ነበር። አባቴ ለቸርች ሱፉን ለብሶ ጨርሷል። በሩን ከፍቶ ሲያስገባቸው በመጋረጃው ጎን አየኋቸው። ጋሽ ደግፌ ከቅዳሴ መምጣታቸው ስለነበር በኮታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተዋል። አቶ ጉዲሳ ከቀትር በኋላ ሰርግ ስላለባቸው ከነከረባታቸው ናቸው። አቶ ነገሬ ደግሞ ሀብታም ቤት ይኬዳል ብለው ጫማቸውን አስወልውለዋል።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባቴ።

«የለም፤ መጀመሪያ የመጣንበት ጉዳይ ይቅደም» አሉ ጋሽ ደግፌ። ሦስቱም ቆመው ቀሩ።

እሁድ ጠዋት፣ ሦስት ሽበታም ሰዎች፣ ሱፍና ነጠላ፣ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም አይስተውም። ሴት ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም። እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ አየቻቸውና አፏን በእጇ ያዘች። የአባቴ ፊት ተለወጠ።

«ማን ነው የላካችሁ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አምሐ» አሉ አቶ ነገሬ። «ኤሌክትሪሺያኑ። እርስዎም ያውቁታል ብሎናል።»

ፎጣው ከእጄ ወደቀ። ላከ! ፈሪ ያልኩት ሰው፣ ትናንት «መኪናዋ ታምራለች» ብሎ የሸኘኝ ሰው፣ ለካ ሽማግሌዎቹን አሰናድቶ ነበር። እንዴት እንደወደድኩት! እንዴት እንዳፈርኩ! አባቴ ግን ዝም አለ። የአባቴን ዝምታ እኔ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ሲረዝም መጨረሻው እምቢ ነው። አምሐ የፈራው ነገር በዓይኔ ፊት ሊሆን ነው። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ፣ እሱ ሲሰማ፣ ሁሉም ታየኝ። እግሬ ቀድሞኝ ሳሎን ገባሁ፤ በነጠላ ጫማ፣ ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ እየተንጠባጠበ።

«አባዬ፣ እባክህ እምቢ እንዳትላቸው።»

ሁሉም ዞሩ።

«እወደዋለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ደብቄህ ነበር፣ ይቅር በለኝ። ድሃ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቸርቻችን እንደማይመጣም አውቃለሁ። ግን እንደሱ አድርጎ የሚያየኝ ሰው የለም። እሺ በላቸው፣ እኔ እሺ ብያለሁ። እንዳታዋርዳቸው፣ አባዬ።»

ተንፍሼ ጨረስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጎብዤ አላውቅም። ከዚያ የሽማግሌዎቹን ፊት አየሁ። ደስታ የለበትም። አቶ ጉዲሳ ጣሪያውን ያያሉ። አቶ ነገሬ የተወለወለ ጫማቸውን ያያሉ። ጋሽ ደግፌ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ብዋሽሽ እግዜር አይወደውም። እኛ የመጣነው መኪናዋን ለማየት ነው።»

«የትኛዋን መኪና?» አለች እናቴ፣ ሌላ ያለን ይመስል።

 እኔ ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እስከዛሬ አላውቅም። እየሳቅኩ ወደ ክፍሌ ሄድኩና በሩን ቆለፍኩ፤ እዚያ ሳቁ አለቀ።

አባቴም የሚያደርገው ጠፍቶት ሰዎቹን ወደ ግቢው አወጣቸው። በመስኮት አየኋቸው። ኮፈኗን ከፈተላቸው። አራት ትልልቅ ሰዎች ሞተር ላይ አጎንብሰው ቆሙ፣ አንዳቸውም ግን ሞተሩን አላዩትም። አባቴ ገብቶ ያችን ቁልፍ ተጫነ፤ መኪናዋ የሌላትን ማርሽ እየቀየረች አጓራች። ትናንት ለዚህች ነገር ኮፍያ ያወለቁት ጋሽ ደግፌ «መልካም ነው፣ መልካም ነው» ብቻ አሉ። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ሄዱ።

በዚያ ቀን ግሩፑ ውስጥ የወጣው የመጨረሻ ቃል ይህ ነበር፦ «መኪናዋን አየናት። ጥሩ ናት። ውይይቱ ተዘግቷል።» አራት መቶ ሰው ግራ ተጋባ። ሞተሯስ? ፍጥነቷስ? እውነተኛ ናት ወይስ መጫወቻ? ሦስቱም ሽማግሌዎች መልስ አልሰጡም። ግሩፑ ውስጥ ስለ እኔ አንድም ቃል አልጻፉም። ለዚህ ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ።

እናቴ ሰዎቹ እንደሄዱ በሬን አንኳኳች፤ ከፈትኩላት። ያን ቀን ቸርች አልሄዱም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ባል እንዲሰጥሽ እጸልይ ነበር» አለች። «ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ ለተሰጠሽ ሰው ነው ስጸልይ የነበረው?»

«እማዬ…»

«ጌታን ያውቃል?»

«በሱ መንገድ ያውቃል።»

«በሱ መንገድ የሚባል የለም» አለች። ቆጣ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ፎጣውን ከመሬት አንስታ መጥታ ነበርና እርጥብ ፀጉሬን ታደርቅልኝ ጀመር። ትቆጣ ታዝን አላወቅኩም። እሷም ያወቀች አይመስለኝም።

አምሐ ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳሁም። ምን ልለው? ሰው ሳይጠይቃት እሺ ያለች ሴት ስልክ አንስታ ምን ትላለች?

ሰኞ ረፋድ ላይ አቶ ጉዲሳ ፋርማሲው መጡ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከኛ ነው የሚወስዱት። ኪኒኑን ስሰጣቸው የታጠፈ ወረቀት መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይኔን ሳያዩ «እኔ ምንም አላውቅም» ብለው ወጡ። ከጀርባው የመኪና ገመድ ሥዕል ያለበት ወረቀት ነው። የአምሐ ጽሑፍ ነው።

«ራዕይ፣ ጋሽ ደግፌ የሆነውን ነገሩኝ። ሲነግሩኝ መኪና ስር ተኝቼ ነበር፤ መውጣት አቃተኝ። እኔ የላክኋቸው መኪና እንዲያዩ ነበር። ሦስት ሰው፣ እሁድ ጠዋት፣ እናንተ ቤት። እንዴት አላሰብኩትም? በሚመጣው እሁድ እነሱኑ እልካለሁ፣ በትክክለኛው ጉዳይ። ለክብርሽ ስል አደርገዋለሁ። አባትሽ ቢያባርሯቸውም ያባርሯቸው። አምሐ።»

ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። ደስ ይለኝ ዘንድ ፈለግኩ። የጠየቅኩትን አይደል ያገኘሁት? ግን «ለክብርሽ ስል» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እደናቀፋለሁ። እወድሻለሁ የሚል ቃል ወረቀቱን ገልብጬም ፈልጌ አጣሁ፤ ጀርባው ላይ ያለው ገመድ ብቻ ነው። በስልኬ ጻፍኩለት፦ «አትላክ። መንገድ ላይ የወደቀ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው እንድታነሳኝ አልፈልግም።» ከላክሁት በኋላ ልሰርዘው ፈለግኩ። ደግሞ ተውኩት። ደግሞ ፈለግኩ። ያን ዕለት ለሁለት ደንበኛ የተሳሳተ መድኃኒት ልሰጥ ስል የሥራ ባልደረባዬ ይዛኛለች።

አባቴ ከእሁድ ጀምሮ አላናገረኝም። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ግን ያቺ መኪና ፋርማሲው ፊት ለፊት ቆማ አገኘኋት። በመስኮቱ «ግቢ» አለኝ። ገባሁ። ያለ ድምፅ ከዓለም ባንክ ወደ ቀራንዮ ነዳ። ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አንገቱን እያዞረ ያየናል። አባቴ ቁልፏን ተጫነና መኪናዋ እንደለመደችው ማርሽ የቀየረች መስላ ሸርተት አለች።

«ሰዎቹ ትክክል ናቸው፣ ታስመስላለች» አለኝ። «እኔ ረዳት ሆኜ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። አንድ ቀን እኔም እቀይራለሁ እል ነበር። አሁን ማርሽ የሌለው መኪና ገዝቼ ማርሽ እንዳለው እጫወታለሁ። ደስ ይለኛል። ለምን ደስ እንደሚለኝ ግን ጠይቀሽ እንዳታስጨንቂኝ።»

አልጠየቅኩትም።

«ከአባትሽ ጋር ሳትማከሪ በሰው ፊት እንደዚያ ስትናገሪ ተናድጃለሁ። ዛሬም ተናድጃለሁ። ቸርች ውስጥ ምን እንደምል አላውቅም። እናትሽን ምን እንደምላት አላውቅም።» መኪናዋን ወደ ጋራዦቹ መንገድ አጠፋና አቆማት። «ግን አንድ ነገር ከእሁድ ጀምሮ እንቅልፍ ነሳኝ። አንቺ ሳትጠየቂ እሺ ብለሻል። ያ ልጅ ግን ምን እንደሚል ከአፉ የሰማ ሰው የለም። መኪና አይቶ ነው የላከው። እኔ ሽማግሌ ቢመጣ ሳልሰማ አላባርርም፤ እሺ እላለሁም አላልኩም። አንቺ ግን መጀመሪያ ሂጂና ስሚው። ልጄ በግምት እንድታገባ አልፈልግም።»

«አባዬ…»

«ውረጂ። እኔ ታክሲ አይደለሁም፣ አልጠብቅሽም።»

ወረድኩ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ሄደች።

ጋራዡ ውስጥ አምሐ ብቻውን ነበር፤ የአንድ የቤት መኪና መብራት ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል። ሲያየኝ መፍቻው ከእጁ አልወደቀም፣ አልሮጠም፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ጠረገ፣ ጠረገ፣ ንጹሕ እጁን ጠረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት። «እውነቱን ንገረኝ። እሁድ የሆነው ባይሆን፣ ሽማግሌ ትልክ ነበር?»

ጨርቁን በእጁ ጠቀለለ። ልቤ «አዎ በል፣ አዎ በል» ይላል።

«አልልክም ነበር» አለኝ።

 ዞሬ ልወጣ ስል ቀደመኝና በሩ ላይ ቆመ።

«እውነቱን ስለጠየቅሽኝ ነው። ፈርቼ አልልክም ነበር። አባትሽን ግን አይደለም፤ አባትሽ እምቢ ቢሉኝ እንደምችለው አውቃለሁ፤ ድሃ ሰው እምቢ መባል አይከብደውም። እኔ የፈራሁት እሺ ቢሉኝስ ብዬ ነው። እኛ ቤት መጥተሽ፣ ዝናብ ሲገባ ባልዲ ደቅነሽ፣ አንድ ቀን ፊትሽ ላይ ምነው ባላደረግኩት የሚል ነገር ባይስ? ይህን አንድ ቀን ከማይ ዘላለም ደብቄ ልውደድሽ አልኩ። ሞኝነት ነው። አውቃለሁ።»

«ታዲያ ደብዳቤው? ለክብሬ ብለህ አይደል?»

«ደብዳቤው ውሸት ነው።» ጨርቁን ጣለው። «ጋሽ ደግፌ እያለቀሱ ነው የነገሩኝ። ‹ፀጉሯ እንደረጠበ ወጥታ እወደዋለሁ አለች፣ እንዳታዋርዳቸው አለች› አሉኝ። ራዕይ፣ እኔን አንዲት ሴት በሰው ፊት፣ አባቷ ቆመው፣ እንዲህ ብላ ትወደኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም። እናቴም እንኳ እኔን ስትወድ ቀስ ብላ ነው። መጻፍ የነበረብኝ ይህን ነበር። እጄ ላይ ብዕሩ ሲመጣ ግን አፈርኩና ክብር ምናምን አልኩ። ላንቺ ክብር አይደለም። ለራሴ ነው የምፈልግሽ። ስስት ነው።»

እያለቀሰ ነበር። አምሐ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እጁን ዘረጋ፤ ወደ ክንዴ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ።

«አንቺን ጠይቄሽ አላውቅም። ስለ አባትሽ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሃይማኖት ሳሰላ አንቺን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ሽማግሌ ሳልልክ፣ አባትሽን ሳልጠይቅ፣ አንቺን ልጠይቅሽ። ታገቢኛለሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ የለም። እሁድ ዕለት ለመኪና ለመጡ ሦስት ሰዎች፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከአፌ እንደ ውሃ የፈሰሰው እሺ፣ አሁን ስጠየቅ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። የእናቴ ጸሎት ታየኝ። የእማማ ወለተጻድቅ ጾም ታየኝ፤ እኔን ምን ብለው እንደሚጠሩኝ እንኳ አላውቅም። ልጆቻችን የት እንደሚሳለሙ ወይም የት እንደሚዘምሩ አላውቅም። በዓመት ከመንፈቅ አንድ ቀን እንኳ ያላሰብኩት ነገር ሁሉ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ተሰልፎ ቆመብኝ። ፈሪ ነህ ያልኩት ሰው ለብቻው ምን ተሸክሞ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩም።

«አምሐ» አልኩት፤ ድምፄ የእኔ አይመስልም። «ፈራሁ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ያስፈራል።»

አላስቸኮለኝም። ሊያባብለኝም አልሞከረም። እንባውን በክርኑ ጠርጎ ፊት ለፊቴ ቆመ፤ ውጪ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚኒባስ ረዳቶች ይጮኻሉ። ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቁኝ ደስታ ነው ልላችሁ አልችልም፤ ፍርሃት ብቻም አልነበረም፤ ስም የለውም። ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩና፣ እንደ ምስጢር፣ ነገርኩት። የፊተኛውን እሺ ከእሱ በቀር ሁሉም ሰምቶት ነበር፤ ይህኛውን ከእሱ በቀር ማንም አልሰማም።